ሳናስፈቅድ አንቅረጽ፦ በናይሮቢ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን የቀረበ ጥሪ



ይህ ጥሪ በየእጃችን ስለያዝነው ካሜራ ነው። ሠርጋችንንና ጥምቀታችንን፣ የልጆቻችንን ልደትና ምርቃት አገር ቤት ላሉ ወላጆቻችን የምናደርሰው በእርሱ ነውና ማንም ይጣለው አልልም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ሰውን ሳናስፈቅድ እንዳንቀርጽ፣ የቀረጽነውንም ሳናስፈቅድ እንዳንለጥፍ በመካከላችን ቃል እንግባ። የወገንን ገመና መጠበቅ ለመንግሥትና ለሕግ ባለሙያ ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። የእያንዳንዳችን ዕዳ ነው።

በዚህች ከተማ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። በኢስሊ፣ በኪሊማኒና በሃርሊንግሃም የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወደ ኬንያ የመጣንበት ምክንያት አንድ አይደለም። ነጋዴው፣ ተማሪው፣ የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛው አለ። ከእነርሱ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድስ፣ በአንድ መስጊድ የሚሰግድ፣ በአንድ ገበታ እንጀራ የሚቆርስ ስደተኛም አለ። የስደተኝነት ማረጋገጫውን (ማንዴቱን) ይዞ፣ ፕሮሰሱ እስኪያልቅለት ዓመታትን የሚጠብቅ ሰው ነው። አንዱ ከፖለቲካ፣ አንዱ ከጦርነት፣ አንዷም ከሚደበድባት ባል ሸሽታ የመጣች ልትሆን ትችላለች። ከቅዳሴ መውጫ ላይ የተላለፈ የአሥር ሰከንድ ላይቭ የዚህን ሰው ፊት፣ ያለበትን ቦታና ሰዓቱን በአንድ ጊዜ አሳልፎ ይሰጣል። የቀረጸው ልጅ ክፉ አላሰበም፤ የበዓሉን ድምቀት ማሳየት ብቻ ነበር ፍላጎቱ። ይሁን እንጂ ከባሏ የሸሸችውን ሴት የሚፈልጋት ሰው ቪዲዮውን ካየ በኋላ የልጁ ቅንነት አያድናትም።

ችግሩ የስደተኛ ብቻም አይደለም። ሠርግ ላይ ከልቧ የጨፈረች ወጣት በማግስቱ ራሷን በማታውቀው የቲክቶክ ገጽ ላይ፣ ከሥሩም መቶ ስድብ ተደርድሮ ልታገኝ ትችላለች። ለቅሶ ላይ ደረቷን የምትመታ እናት፣ ሐዘኗ ሳይበርድ፣ እንባዋ የእንግዳ ሰው መመልከቻ ይሆናል። ምግብ ቤት ውስጥ የምታስተናግድ እኅታችን በየቀኑ የማን ስልክ ወደ እርሷ እንደዞረ ሳታውቅ ትውላለች። «ተይ፣ አትቅረጪኝ» ማለት በእኛ ዘንድ እንደ ኩራት ስለሚቆጠር ብዙው ሰው ዝም ይላል። ዝምታውን ግን ፈቃድ አድርገን ልንወስደው አይገባም።

«ሰው ፊት ከወጣ በኋላ ምን ገመና አለው?» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይነሣል። መልሱ ቀላል ነው። በአጥቢያችን ግቢ ቆሜ ሳለ የሚያየኝ ሰው አብሮኝ የቆመ ነው። እኔም አየዋለሁ፤ ደስ ካላለኝ ዞር እላለሁ፤ እርሱም ወደ ቤቱ ሲሄድ ይረሳኛል። የተቀረጸው ምስሌ ግን እኔ ወዳልመረጥሁት ቦታ፣ ወዳልመረጥሁት ሰው፣ ወዳላሰብሁት ዓመት ይሄዳል። በአደባባይ ለመታየት የፈቀደ ሰው ለዚያ ሁሉ አልፈቀደም።

በአውሮፓ ይህን ልዩነት አጥብቀው የያዙት ራቁት መዋኘት የተፈቀደባቸው የባሕር ዳርቻዎች መሆናቸው ሊገርመን ይችላል። በጀርመን ይህ ልማድ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ልማዱ ለእኛ ባዕድ ነው፤ ለብዙዎቻችንም የሚዋጥ አይደለም። ሆኖም ሰዎቹ ልብሳቸውን አውልቀው እርስ በርስ ሳይተፋፈሩ በሚውሉበት በዚያ ቦታ እንኳ ሰው ላይ ካሜራ ማዞር እንደ ታላቅ ነውር ይቆጠራል። ከልብስ የተራቆተ ሰው ክብሩ አብሮት እንደማይወልቅ ያውቃሉ። አገሪቱም ይህን የተማረችው በከባድ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 የቀድሞው የጀርመን ቻንስለር ቢስማርክ ባረፈበት ሌሊት ሁለት ፎቶ አንሺዎች ወደ ቤቱ ሰርገው ገብተው አስከሬኑን አነሡ። ቤተሰቡ ከሰሰ፤ ፍርድ ቤትም ምስሉ እንዲጠፋ አዘዘ። ነገር ግን ሰው በገዛ ምስሉ ላይ ያለውን መብት በግልጽ የሚደነግግ ሕግ ስላልነበረ፣ በ1907 የማንም ምስል ያለ ፈቃዱ እንዳይሰራጭ የሚከለክል ሕግ ወጣ።

እኛም ሰው ከልብሱ የሚራቆትበት የራሳችን ቦታ አለን፤ ጸበል ነው። ሕመምተኛው በማለዳ ልብሱን አውልቆ ውኃው ሥር ይቆማል። ይጮኻል፣ ይወድቃል፣ በጤናው ጊዜ የማይናገረውን ይናገራል። በዙሪያው ያሉት «ማረን» ይሉለታል። ጥንትም የጸበል ሥርዓት ሴቱንና ወንዱን ለይቶ፣ የሚጋርድ ጨርቅ አዘጋጅቶ የቆየው ያን የድካም ሰዓት ለመሸፈን ነው። ዛሬ ግን ይኸው ሰዓት ተቀርጾ በዩቲዩብ ይለቀቃል፤ ተመልካች ይሰበሰብበታል፤ ገንዘብም ይገኝበታል። እንዲህ የተቀረጸች አንዲት ታማሚ ድናለች እንበል፤ ሥራ ይዛለች፤ ምናልባትም ልትዳር ነው። ቪዲዮው ግን እንዳለ ነው፤ ሽማግሌ የላከው ቤተሰብም ያገኘዋል። በዚያች ሰዓት ፈቃዷን ልትሰጥ የምትችልበት ሁኔታ ላይ አልነበረችም። ለምስክርነት ነው የሚል ካለ፣ ምስክርነቱን የዳነችው ራሷ፣ ልብሷን ለብሳ፣ በፈቃዷ ትስጥ።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 የምናገኘው የኖኅ ታሪክም በዚሁ ነጥብ ላይ የቆመ ነው። አባታቸው በድካሙ ተራቁቶ ሳለ አንዱ ልጅ አይቶ ወጥቶ አወራ። ሁለቱ ወንድሞቹ ፊታቸውን አዙረው፣ የኋሊት ተራምደው፣ አባታቸውን ሸፈኑት። የተመሰገኑት የሸፈኑት ናቸው። በእስልምናም የሰውን ነውር መከታተል የተከለከለ፣ መሸሸግ ደግሞ ምንዳ ያለው ሥራ እንደሆነ ልጆቻችን በመድረሳ ይማራሉ። ስለዚህ የምጠይቀው ከውጭ የመጣ አዲስ ሥርዓት አይደለም። ሁለቱም እምነቶቻችን ያስተማሩንን ወደ ስልካችን እንድናደርሰው ነው።

ካሜራ ምን ያህል ጨካኝ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ናይሮቢ ራሷ አይታለች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 በመሀል ከተማ ባለ የማታቱ ስቴጅ ወንዶች አንዲትን ሴት «አለባበስሽ አላማረንም» ብለው ከብበው ልብሷን ገፈፏት። በጥቃቱ መካከል ስልካቸውን አውጥተው የቀረጹ ነበሩ፤ ቪዲዮውም አገር ምድሩን አዳረሰ። በዚያች ሴት ላይ ጥቃቱ የተፈጸመው አንድ ጊዜ አልነበረም፤ ቪዲዮው በተላከ ቁጥር ይደገም ነበር። ኅዳር 17 የናይሮቢ ሴቶች፣ ወንዶችም ጭምር፣ ከኡሁሩ ፓርክ ተነሥተው «ማይ ድረስ፣ ማይ ቾይስ» እያሉ ወጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የኬንያ የወንጀል ሕግ ተሻሽሎ፣ ሰውን በግድ ልብሱን መግፈፍ ከአሥር ዓመት ያላነሰ እስራት የሚያስቀጣ ሆነ።

የምንኖርበት አገር ሕግ ከዚያ ወዲህ ብዙ ርቋል። ከዚያ በፊት የወጣው እ.ኤ.አ. የ2010ሩ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 31 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የ2018ቱ የኮምፒውተር ወንጀል ሕግ የሰውን የዕርቃን ምስል ያሰራጨን ሰው እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ እስራት፣ ወይም እስከ 200,000 ሽልንግ በሚደርስ መቀጮ፣ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። የ2019ኙ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ደግሞ የሰው ፊት ራሱ የግል መረጃ እንደሆነ በተግባር አሳይቷል። በመስከረም 2023 በኮሚሽነር ኢማኩሌት ካሳይት የሚመራው የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ቢሮ፣ በንጎንግ መንገድ ላይ የሚገኘውን ካሳ ቬራ ላውንጅ የአንድን ደንበኛ ፎቶ ያለ ፈቃዱ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለለጠፈ 1,850,000 ሽልንግ ቀጥቶታል። በኡቲሩ የሚገኘው ሮማ ትምህርት ቤትም የሕፃናትን ፎቶ ያለ ወላጆቻቸው ፈቃድ በመለጠፉ 4,550,000 ሽልንግ ተቀጥቷል። ምግብ ቤት፣ መዋዕለ ሕፃናት ወይም የፎቶ ስቱዲዮ ያላችሁ ወገኖቼ እነዚህን ቁጥሮች ልብ በሉ።

በአገራችንም ቢሆን ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ደንግጓል። አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የግል መረጃን የሚጠብቅ ነው። ከስድሳ ዓመት በፊት፣ ፎቶ ማንሣት የፎቶ ቤት ሥራ በነበረበት ዘመን አባቶቻችን ያዩት ነገር ዛሬ ሊሰወረን አይገባም።

ሕጉ ግን ሁሉንም በር አይዘጋም። የኬንያው የመረጃ ጥበቃ ሕግ አንድ ሰው ለግሉና ለቤተሰቡ ብቻ የሚያደርገውን አይነካም፤ የኢትዮጵያው ሕግም በአደባባይ የተፈጸሙ ሥነ ሥርዓቶችን ከፈቃድ ነጻ ያደርጋል። አቤቱታ ቢቀርብም የኮሚሽነሩ ቢሮ አጣርቶ ለመጨረስ 90 ቀን አለው። በ90 ቀን ውስጥ አንድ ቪዲዮ ስንት ስልክ ይደርሳል? ሕጉ በማይደርስበት በዚያ ቦታ ያለነው እኛ ነን። ጠባቂነቱም የእኛ ነው።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ይህ ጥሪ ግፍን መቅረጽ ይቁም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 በናይሮቢ መሀል ከተማ፣ በሰልፍ መካከል፣ አንድ ጭምብል ሻጭ ወጣት ከቅርብ ርቀት በፖሊስ ጥይት ተመታ፤ በኋላም ሕይወቱ አለፈ። አገር ያወቀው፣ ፖሊስም ለክስ የቀረበው ካሜራ ስለነበረ ነው። ሥልጣን የያዘ ሰው በሥልጣኑ ሲበድል መቅረጽ ደካማውን መጠበቅ ነው። የታመመውን፣ ያዘነውን፣ የተሸሸገውን፣ ሕፃኑን ሳያስፈቅዱ መቅረጽ ግን ደካማውን ማጋለጥ ነው። ስልካችንን ከማንሣታችን በፊት ከሁለቱ የትኛውን እያደረግን እንደሆነ እንመርምር።

ስለዚህ እነዚህን ግዴታዎች አብረን እንድንሸከም እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዳችን ከመቅረጻችን በፊት እንጠይቅ፤ ከመለጠፋችን በፊትም ደግመን እንጠይቅ፤ ለመቀረጽ የፈቀደ ሁሉ ለመለጠፍ አልፈቀደምና። «አይሆንም» ያለንን ሰው ምክንያቱን አንጠይቀው።

ሁለተኛ፣ ከምንፈልገው ሰው ጀርባ ማን እንደቆመ እንይ። ያልጠየቅነው ሰው ፊት ካለ ቆርጠን እናውጣው ወይም እንሸፍነው። ከቦታው ሳንነሣ ላይቭ አንግባ፤ የቦታ ምልክትም አንጨምር።

ሦስተኛ፣ ሰበካ ጉባኤያትና የመስጊድ ኮሚቴዎች፣ ምእመኑ በተሰበሰበበት ደንቡን አሳውቁ። ቀጥታ ስርጭት ካለ ካሜራው ወደ አገልጋዮች ይዙር፤ መቀረጽ የማይፈልጉ ሰዎች የሚቀመጡበት ቦታም ይለይ። ጸበልና ጸሎተ ፈውስ ፈጽሞ አይቀረጽ።

አራተኛ፣ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጮች፣ ሙሽሮቹ የከፈሏችሁ ለራሳቸው አልበም ነው። በገጻችሁ ላይ ለማስታወቂያ የምትለጥፉትን በጽሑፍ አስፈቅዱ፤ እንግዶችንም በመድረክ መሪው በኩል አስቀድማችሁ አሳውቁ።

አምስተኛ፣ የምግብ ቤት ባለቤቶች፣ ሠራተኞቻችሁን ማንም እንደፈለገ እንዳይቀርጻቸው ማስታወቂያ ስቀሉ። «አትቅረጹኝ» የምትል አስተናጋጅ ደንበኛ አስቀየመች ተብላ እንዳትወቀስ ከጎኗ ቁሙ።

ስድስተኛ፣ እድሮች፣ ለቅሶና ቀብር ላይ ቤተሰቡ ከመረጠው ሰው በቀር ማንም እንዳይቀርጽ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ አስገቡ።

ሰባተኛ፣ ወላጆች፣ የሌላ ሰው ልጅ ያለበትን የትምህርት ቤት ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት የልጁን ወላጅ ጠይቁ። ትምህርት ቤቱም እናንተን ይጠይቅ።

ስምንተኛ፣ ሰውን የሚያዋርድ ቪዲዮ በዋትስአፕ ሲደርሰን ወደ ሌላ አንላከው። ላኪውን እንዲያጠፋው እንንገረው፤ የተቀረጸውን ሰው የምናውቀው ከሆነም ብቻውን አንተወው። ቪዲዮው ለተለጠፈበት ማኅበራዊ ሚዲያ ሪፖርት እናድርግለት፤ ከፈለገም ወደ መረጃ ጥበቃ ኮሚሽነሩ ቢሮ አብረነው እንሂድ። ቋንቋ ለማያውቅ፣ ወረቀቱ ስላላለቀ ቢሮ ለመግባት ለሚፈራ ወገን ከዚህ የበለጠ እርዳታ የለም።

በየማኅበሩ፣ በየእድሩ፣ በየአጥቢያው ያላችሁ መሪዎች፣ ይህን በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ለውይይት አቅርቡት፤ ለእናንተ በሚስማማ መልክ ደንብ አድርጉት። ወጣቶች፣ በስልኩ አጠቃቀም ከሁላችንም ትቀድማላችሁና በዚህም ቅደሙን። እኔን ጨምሮ ሁላችንም ሥራውን ከራሳችን ገጽ እንጀምር፤ ዛሬ ማታ የለጠፍናቸውን ምስሎች እንመልከት፣ ያልጠየቅነው ሰው ካለበት ደውለን እንጠይቀው፤ ካልፈቀደ እናጥፋው።