ስለ መዋኛ ገንዳ ክሎሪን፤ መሣሪያው የሰውን ዓይን አይተካም

በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች በግቢያቸው ውስጥ የመዋኛ ገንዳ የሚያሠሩ ሰዎች አሉ። ከነዚሁም አንዳንዶቹ ክሎሪን በየዕለቱ በእጅ ከመጨመር የሚያሳርፍ አውቶማቲክ መሣሪያ ያስገባሉ። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን «መሣሪያው ስላለ ውኃው ንጹሕ ነው» የሚለውን አሳብ ልንቀበለው አንችልም። ክሎሪን መጨመር የመሣሪያ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ክሎሪኑ በውኃው ውስጥ መኖሩን መመርመር ግን ዘወትር የሰው ሥራ ነው።

መሣሪያዎቹ ልዩ ልዩ ናቸው። አንደኛው በሰዓት እየተመራ የተወሰነ ክሎሪን በትንሽ ፓምፕ ያንጠባጥባል። ሁለተኛው ጨው ከተጨመረበት ውኃ በኤሌክትሪክ ኃይል ክሎሪን ያወጣል። እነዚህ ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ በገንዳው የሚዋኘው አንድ ሕፃን ይሁን ወይም ሃያ ሰው አያውቁም። ሦስተኛው ውኃውን እየለካ የጎደለውን ይጨምራል፤ እርሱም ቢሆን መለኪያው ቆሻሻ ሲይዘው ይሳሳታል።

ክሎሪንን የሚያደክሙት ነገሮች ብዙ ናቸው። የፀሐይ ብርሃን ያጠፋዋል፤ አዲስ አበባን በመሰለ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አገር ደግሞ ጨረሩ ብርቱ ነው። በረኪናም በሙቀት ሲቀመጥ ኃይሉ ይቀንሳል። የውኃው ፒኤች 7.5 ሲሆን ጀርምን አጥብቆ የሚገድለው የክሎሪኑ ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ 8 ሲደርስም ወደ ሩብ ዝቅ ይላል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሌላ ነው። መብራት ጠፍቶ ወይም ፓምፑ ተበላሽቶ የውኃው ዝውውር ሲቆም፣ መጨመሪያዎቹ ሥራቸውን ከቀጠሉ በረኪናና አሲድ በቧንቧው ውስጥ ይገናኛሉ። ከዚህም የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ፣ ዝውውሩ እንደ ገና ሲጀመር ወደ ዋናተኞቹ ይደርሳል። ይህ ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1915 በኢፕር ጦር ሜዳ ወታደሮችን የፈጀው ነው። ስለዚህ ውኃው ሲቆም ሁለቱንም መድኃኒቶች በራሱ የማያቆም መሣሪያ ከቶ ሊገዛ አይገባም።

እንዲሁም ክሎሪኑ በልኩ ቢሆን እንኳ የማይችለው ነገር አለ። በሊትር 1 ሚሊ ግራም ክሎሪን ባለበት ውኃ ውስጥ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች በጥቂት ደቂቃዎች ይሞታሉ፤ ተቅማጥ የሚያመጣው ክሪፕቶስፖሪዲየም ግን ከ7 ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ከገንዳው የሚከለክለው ወላጁና መምህሩ እንጂ መሣሪያ አይደለም።

ስለዚህ ሰው ከመግባቱ አስቀድሞ ውኃው በመመርመሪያ ጠብታ ወይም ወረቀት ይመርመር። ነጻው ክሎሪን በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም፣ ክሎሪኑን ከፀሐይ የሚጠብቅ ሲያኑሪክ አሲድ የተጨመረበት እንደ ሆነ ከ2 ሚሊ ግራም አይነስ፤ ፒኤቹም ከ7 እስከ 7.8 ይሁን። ውጤቱ ከነቀኑ በደብተር ይጻፍ። በረኪናና አሲድም በየብቻቸው ከልጆች ርቀው ይቀመጡ። ሻጮችም መሣሪያውን ሲያስረክቡ መመርመሪያውን አብረው ሊሰጡና አጠቃቀሙን ሊያስተምሩ ይገባቸዋል።

ለመሣሪያው ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሰው ለመመርመሪያው ወረቀትና ለጥቂት ደቂቃ ሊሰስት አይገባውም። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላልና።