ሜዳና መዝገብ ይሰጠን፤ ከገዳሪፍ የቀረበ አቤቱታ

ለ፦ በድንበሩ በአገራችን በኩል ለሚገኘው የስፖርት ጽሕፈት ቤት
ለ፦ በገዳሪፍ ለሚገኘው የማኅበረሰባችን የስፖርት ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ ስለ መጫወቻ ሜዳ፣ ስለ ተጫዋቾች ምዝገባና ስለ ድንበር ዋንጫ አቤቱታ ማቅረብን ይመለከታል

ክቡራን ኃላፊዎቻችን፤

እኛ አመልካቾች በገዳሪፍ ከተማና በዙሪያዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ኳስ ተጫዋቾች፣ ሯጮችና አሠልጣኞች ነን። ከመካከላችን በደርግ ዘመን ተሰድደው እዚሁ የቀሩ አባቶች ልጆች አሉ። በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ተከዜን ተሻግረው በሀምዳይት በኩል የገቡ አሉ። ለሰሊጥ አጨዳ ሳሉግ፣ ማለትም የወቅት ሠራተኛ፣ ሆነው መጥተው ድንበሩ ሲዘጋባቸው የቀሩም አሉ። አገር ቤት ብንሆን ምናልባት በአንድ ቡድን አንሰለፍም ነበር፤ እዚህ ግን ኳሷ አንዲት ስለሆነች አብረን እንጫወታለን።

በጽሑፍ ስናመለክት ይህ ሁለተኛችን ነው። የመጀመሪያው የደረሰበትን ከታች እናነሣዋለን። ከዚያ በፊት በቃል ጠይቀናል፣ በሽማግሌ አስጠይቀናል፣ በበዓል ቀን ቡና ላይ አንሥተናል። ቃላችን የከረረ ቢመስላችሁ ከመሰልቸት እንጂ ከንቀት አይደለምና አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ የምናመለክተው ስለ ሜዳው ነው። የገዳሪፍ መሬት ዋልካ ነው፤ ለማሽላና ለሰሊጥ የተባረከ፣ ለኳስ ግን የማይሆን። ክረምቱ ሲገባ ጫማ ውጦ የሚያስቀር ጭቃ ስለሚሆን እስከ መስከረም ማብቂያ ልምምድ የለም ማለት ይቻላል። በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የሰው እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ይይዛል። ባለፈው ዓመት ሁለት ልጆቻችን በዚሁ ስንጥቅ እግራቸው ተሰብሮ ወራት ተኝተዋል። አንደኛው በአህያ ጋሪ ውሃ እያመላለሰ እናቱን የሚጦር ነበር፤ እሱ ሲተኛ ጋሪውም ቆመ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ከአሱር ሶላት በፊት ወደ ሜዳ መውጣት አይታሰብም። ከአሱር እስከ መግሪብ ያለችው ጊዜ ነች የእኛ ቀን፤ እሷንም ሦስት ቡድን ይሻማባታል። የኪተር እሾህ የወጋውን ኳስ ለመለጠፍ የሚባክነውን አልቆጠርነውም።

የጠየቅናችሁ ሣር አይደለም። ስታዲየምም አይደለም። ስንጥቁን የሚሞላ ጥቂት መኪና ጠጠርና አሸዋ፣ ሁለት የብረት ጎል፣ ሜዳው በሳምንት ሁለት ቀን የእኛ መሆኑን የምትናገር አንዲት ደብዳቤ ነው። የመሬቱ ባለቤቶች ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ክፉ አላዩብንም፤ ሆኖም እነሱም ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ ማወቅ ይፈልጋሉ። ኃላፊነት የሚወስድ አካል ስለሌለን በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሜዳ ለቀናል። አንዱ ለገበያ ተከለለ። ሁለተኛው ታርሶ ማሽላ ተዘራበት። በሦስተኛው ላይ ከካርቱምና ከገዚራ በሱዳኑ ጦርነት የተፈናቀሉ ሰዎች ሰፈሩበት። በዚህኛው ቅሬታ የለንም፤ የተፈናቀለን ሰው ከሜዳ አስነሡልን ብለን የምንጽፍ ሰዎች አይደለንም። እኛም መጀመሪያ የሰፈርነው በሰው ሜዳ ላይ ነው።

ሁለተኛው አቤቱታችን መዝገብን ይመለከታል፤ ሆድ የሚያስብሰንም ይኸው ነው። ሱዳኖች በየሰፈሩ አቧራ ላይ የሚደረገውን ጨዋታ ዳፉሪ ይሉታል። ለዳፉሪ መታወቂያ አይጠየቅም፤ እግር ያለው ይገባል። ልጆቻችን በዚያ የተወደዱ ናቸው፤ «ሐበሻውን ስጡን» እየተባለ የሚጣሉባቸው ቀን አለ። ነገር ግን ከዳፉሪ ወደ ራቢጣ፣ ማለትም ተመዝግቦ ወደሚደረገው የሰፈር ታዳጊዎች ውድድር ለመሻገር ወረቀት ያስፈልጋል። የስደተኛ ካርድ ያለው ከካምፕ ፈቃድ አምጣ ይባላል። ካርድ የሌለው ከአገርህ የስፖርት መሥሪያ ቤት ማስረጃ አምጣ ይባላል።

እኛም ማስረጃውን በጽሑፍ ጠየቅን። ከሰባት ወር በኋላ የደረሰን መልስ አመልካቾቹ የሚኖሩት ከአስተዳደሩ ክልል ውጭ ስለሆነ ጥያቄው ጽሕፈት ቤቱን እንደማይመለከት የሚገልጽ ነበር። ማኅተሙ ጥርት ብሎ የታተመ ነው። ደብዳቤውን የጻፉት ሰው ደንቡን አልሳቱም፤ የምንኖረው በእርግጥም ከክልሉ ውጭ ነው። ነገር ግን ከእኛ ውስጥ የአንዱ እናት ቤት ከዚያ ጽሕፈት ቤት በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ልጁ የእናቱን ቤት ለቅቆ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ስለራቀ ከአገሩ መዝገብ ወጣ፤ የሚኖርበት አገር መዝገብም አልገባ። የት ተብሎ ይመዝገብ? ይህን የምንጠይቀው ለክርክር ሳይሆን መልሱ ጠፍቶን ነው።

ስለ ገንዘቡም ትንሽ እንበል። የስፖርት ኮሚቴያችን ከየሱቁና ከየቡና ቤቱ ለመለያና ለዋንጫ ብሎ መዋጮ ሰብስቧል። የተገዛው መለያ አሥራ አንድ ነው። ስለዚህ ተቀያሪ የሚገባ ልጅ የሚወጣውን ጓደኛውን መለያ፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ ከገላው ላይ ተቀብሎ ይለብሳል፤ ተመልካች ይስቃል፣ እኛም ለምደነዋል። ሌብነት አላልንም። ሂሳቡ አንድ ቀን በሁላችን ፊት ይነበብልን ነው ያልነው። ለዋንጫው መክፈቻ የታረደው በግ ከዋንጫው ዋጋ ይበልጥ እንደነበር የሚያሙ አሉ፤ በዚህ ላይ እኛ ዝም እንላለን፤ በልተናልና።

ሴቶቹንም አትርሱብን። ሻይ ሲሸጡ የሚውሉ ልጆች ጀበናቸውን ከመጣዳቸው በፊት ገና ጎህ ሳይቀድ በዶካ መንገድ ዳር ይሮጣሉ። በሱዳን የሴቶች እግር ኳስ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲጀመር ነገ ለእኛም ይሆናል ብለው ነበር። እስካሁን ለእነሱ የተገዛ አንድ ጥንድ ጫማ የለም።

ክቡራን ሆይ፤ የስፖርት መሥሪያ ቤት ሥራ በዓመት አንድ ቀን መለያ ማደል አይመስለንም። ሜዳ ጠብቆ፣ ሰው መዝግቦ፣ እንግዳ መጥራት ነው። የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ በኋላም አዳማ ውድድሩን ያስተናገዱት ሜዳና መኝታ አዘጋጅተው ስለጠበቁ ነው። ቡድኖቹ ለሳምንታት ሲቀመጡ ሆቴሉ፣ ባጃጁ፣ ቆሎ ሻጯ ሳትቀር አብረው ተጠቀሙ። እንግዳውን ያመጣው ሜዳው ነው።

ከአገር ርቀውም ይህን ያደረጉ ኢትዮጵያውያን አሉ። የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በዚያ ዘመን ወደ አሜሪካ ከገቡት ብዙዎቹ በዚሁ በሱዳን በኩል፣ እኛ ዛሬ በምንረግጠው ዋልካ ላይ ያለፉ ስደተኞች ነበሩ። ዛሬ በየዓመቱ በሰኔ ማብቂያ ከተማ እየቀያየሩ ይገናኛሉ፤ ኳሱ ሰበብ ሆኖ ሙሽራ የሚታጨው፣ የጠፋ ዘመድ የሚገኘው እዚያ ነው። እነሱም የጀመሩት በባዕድ አገር፣ በባዕድ ሜዳ ነው። ልዩነታችን እነሱ መዝጋቢ ማግኘታቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የመጀመሪያው የስደተኞች ቡድን ሲሰለፍ ከ10ሩ አትሌቶች አንዱ ኢትዮጵያዊው የማራቶን ሯጭ ዮናስ ኪንዴ ነበር። አምስቱ ደግሞ በኬንያ ካኩማ ካምፕ ያደጉ ደቡብ ሱዳናውያን ናቸው። እነሱ የተገኙት ኬንያዊቷ ሯጭ ቴግላ ሎሩፔ የመሠረተችው ድርጅት ወደ ካምፑ ሄዶ ልጆቹን ስላወዳደረ ነው። በዚህ በኩል ወዳሉት የስደተኛ ካምፖች፣ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ፣ ሰዓት መያዣ ይዞ የመጣ ሰው እኛ አላየንም። ከእኛ ውስጥ ሯጭ የለም እንዳትሉን ብቻ፤ የሻይ ሻጮቹን ሩጫ ያየ አይለውም።

ደግሞም የሁለቱ አገሮች ኳስ ራሱ መሰደድን ቀምሷል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የባሕር ዳርን ስታዲየም ካገደ በኋላ ዋልያዎቹ በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ «የሜዳችን» የተባለው ሜዳ ማላዊ ሊሎንግዌ ነበር። በሱዳን በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ ደግሞ አል ሂላልና አል መሪኽ፣ እነዚያ የኦምዱርማን ጌቶች፣ በሞሪታኒያ ሊግ በእንግድነት ተጫውተዋል። አንድም ሰው ከክልላችን ውጭ ናቸውና አይመለከቱንም አላላቸውም። ሞሪታኒያ አስገባቻቸው፤ የሱዳን ሕዝብም ቡድኖቼ ብሎ ተከታተላቸው። እኛ የምንጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ጥያቄያችን የድንበር ዋንጫ ነው። ካፍ እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ ሲመሠረት ኢትዮጵያና ሱዳን መሥራቾች ነበሩ፤ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ተደረገ። ሱዳናዊው ዶክተር አብደል ሐሊም መሐመድ የያዙትን የካፍ ፕሬዚዳንትነት ወንበር እ.ኤ.አ. በ1972 የተረከቡት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። በ2004 ዓ.ም. ማብቂያ ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን፣ በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት 4 ቀን አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች 2 ለ 0 ስናሸንፍና ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ ከእኛ አንዳንዶቻችን እዚህ ገዳሪፍ ቡና ቤት ውስጥ ነበርን። የተሸነፈው ጎረቤታችን ሻይ ጋበዘን። በ2014 ዓ.ም. መባቻ ፋሲል ከነማ ከአል ሂላል ጋር ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ሱዳን ላይ 1 ለ 1 ወጥቶ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ጎል ሲወድቅ ደግሞ ጋባዡ እሱ፣ ተቆጪው እኛ ሆንን። እንዲህ ያለ ጉርብትና ባለበት መተማ ዮሐንስና ጋላባት፣ በአንድ ድልድይ የተገናኙ ከተሞች፣ በየዓመቱ የሚጠበቅ አንድ ዋንጫ የላቸውም።

ጊዜውን አስበንበታል። ጥር ይሻላል። ሰሊጡ ተሽጦ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ። ገንዘብ በእጁ ያለ ሳሉግ በዚያ ወር የሚያጠፋው በምን ላይ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ትኬት ይሻላል። አራት ቡድን ይበቃል፤ ድንበሩ ባይከፈት እንኳ በዚህ በኩል ሁለት ሐበሻ፣ ሁለት ሱዳናዊ ቡድን አድርገን እንጀምረዋለን። የዳኞችን አበል ከትኬቱ እንሸፍናለን። ከእናንተ የምንፈልገው ስማችሁንና ማኅተማችሁን ነው።

ጦርነት ባለበት የኳስ ነገር ምን ይወራል ትሉን ይሆናል። ከጦርነት የሸሸን እኛ ስለሆንን ጥያቄው አይከብደንም። ሜዳ ያጣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከአሱር እስከ መግሪብ የሚያገኘው ሰው ደላላ ነው። ደላላው ሜዳ አይጠይቅም፣ መዝገብ አይጠይቅም፤ ወደ ሊቢያ መኪና አለ ይላል። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከቡድናችን አራት ልጆች እንዲህ ሄደዋል። የአንዱን ድምፅ ሰምተናል። የሦስቱን አልሰማንም።

ስለዚህ፣ ሜዳ የምንጠቀምበት ደብዳቤ ከአካባቢው አስተዳደር እንዲጠየቅልን፣ በድንበሩ ወዲያ ያለው ጽሕፈት ቤት የተጫዋችነት ማስረጃ የሚሰጥበትን መንገድ እንዲያበጅልን፣ የመዋጮው ሂሳብ እንዲነበብ፣ ለሴቶቹ የሚደርሳቸው እንዲለይ፣ የጥር ወሩም ዋንጫ ከወዲሁ እንዲታሰብበት በትሕትና እናመለክታለን። መልሱ እምቢታም ቢሆን በጽሑፍ ይሁንልን፤ ምክንያቱም ይጻፍበት። ሰባት ወር ግን አትፍጁብን።

ልምምዳችን ሰኞና ሐሙስ ከአሱር በኋላ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ቀን መጥታችሁ እዩን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
አመልካቾቹ፣ ከገዳሪፍ