በወረቀት ላይ ስለ ተካደ ልጅ

ማንበብና መጻፍ የምታውቁ ወጣቶች ሆይ፤ በየመንደራችሁ «ይህን ቅጽ ሙሉልን» እየተባላችሁ የምትለመኑ እናንተ ናችሁና ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔም በዕድሜዬ ብዙ ቅጽ ሞልቻለሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስለ ተማርሁ፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር ወረቀት የያዘ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ከሞላኋቸውም አንዱ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሣኛል።

በ1991 ዓ.ም. አንዲት የሃያ ዓመት ሴት የአሜሪካንን የዲቪ ዕጣ ልሞክር ብላ መጣች። በዚያ ጊዜ ማመልከቻው በተራ ወረቀት ተጽፎ በፖስታ ይላክ ነበር። የአንድ ዓመት ሴት ልጅ አዝላለች። «ጋሼ፣ ልጅ የለኝም ብለው ይጻፉልኝ፤ ልጅ ያላትን አይወስዱም ይላሉ» አለችኝ። እኔም ሕፃኒቱ በእናቷ ጀርባ ተኝታ እያየኋት፣ ልጅ የላትም ብዬ ጻፍሁ።

«ይላሉ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ። ሕጉ የሚለው ሌላ ነበርና። ማመልከቻው የልጆችን ስም ይጠይቅ ነበር፤ የተጻፈውም ልጅ በወላጁ ዕጣ አብሮ ሊሄድ ይችል ነበር። እንዲያውም በኋላ የወጣው መመሪያ ልጅን ሳይጽፉ መቅረት ዕጣውን እንደሚያሰርዝ በግልጽ ተናገረ። እንግዲህ ያ ውሸት ኃጢአት ብቻ አይደለም፤ ጥቅም እንኳ የሌለው ኃጢአት ነበር።

ዕጣው ወጣላት። አዲስ አበባ ሄዳ በኤምባሲው ፊት ያንኑ ቃል በመሐላ ደገመችው፤ ሕፃኒቱም ከአያቷ ዘንድ ቀረች። በ1997 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል ልትገባ ስትመጣ፣ አያቲቱ «በባለቤቴ ስም ጻፍልኝ ልጄ» አሉኝ። በአገራችን ሰው በአባቱ ስም ይጠራልና፣ ልጂቱ የእናቷን አባት ስም በያዘች ጊዜ ለእናቷ ታናሽ እኅት መሰለች። ይህንም በመዝገብ ያሰፈርሁ እኔው ነኝ። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነውና፣ ለዚያች ልጅ የነበራት የጽሑፍ ምስክር የትምህርት ቤቱ መዝገብ ብቻ ነበረ፤ እርሱም በሐሰት መሰከረባት።

በ2006 ዓ.ም. እናቲቱ የአሜሪካ ዜጋ ሆና ለጥየቃ መጣች። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጃችን መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣልና፣ በተወለደችበት ቤት የውጭ አገር ሰው ሆና ገባች፤ ልጂቱ ደግሞ ለእናቷ አገር ባዕድ ነበረች። ሁለቱን አንድ የሚያደርግ ሕግ ግን አለ። የቪዛው በር በየመንግሥቱ ይጠብቃል ይላላል፤ በአሜሪካ ሕግ ግን ያላገባና ከ21 ዓመት በታች የሆነ የዜጋ ልጅ በዓመት ኮታ ወረፋ አይያዝም። በ1994 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ደግሞ ዕድሜው የሚቆጠረው ዜጋው ወላጅ ማመልከቻውን ባስገባበት ቀን ነው። ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ ገብቶ ገና 18 ዓመት ሳይሞላው በዜጋ ወላጁ እጅ የሚኖር ልጅ፣ ሌላ መሐላ ሳይጠየቅ ራሱ ዜጋ ይሆናል። (በሐዋርያት ሥራ ያለው የሻለቃ ትዝ ይለኛል፤ እርሱ በብዙ ገንዘብ የገዛውን ዜግነት ጳውሎስ በልደት ይዞት ተገኘ።) እኅት ግን ወረፋ ትጠብቃለች፤ ወረፋውም ከ10 ዓመት ይበልጣል።

እኔም መዝገቡ ይታረም፣ እኔም ቀርቤ ሐሰት መጻፌን እመሰክራለሁ፣ የቀረውን የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ይጨርሰዋል አልኋት። እርሷ ግን አለቀሰች። «ጋሼ፣ አሁን ልጄ ናት ካልሁ ያን ጊዜ በሐሰት ማልሁ ማለት አይደለም? ዜግነቴን ይነጥቁኛል» አለችኝ። ፍርሃቷ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እውነትን ደብቆ የተገኘ ዜግነት በፍርድ ቤት ሊሻር ይችላልና። ለሌላዋ እናት ደስታ የሚሆነው የደም ምርመራ ለእርሷ የክስ ማስረጃ ሆነባት። ስለዚህ በውሸት ላይ ውሸት ጨምራ፣ ለገዛ ልጇ በእኅትነት አመለከተች።

«ድኻ ምን ያድርግ? ለፈረንጅ ወረቀት መዋሸት ምን ነውር አለው? ደግሞስ ገንዘብ ትልክ የለምን? የእናቷን ቤት ቆርቆሮ አላለበሰችምን?» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። ወረቀቱስ የፈረንጅ ይሁን፤ የተካደው ልጅ የማን ነው? ጴጥሮስ በእሳቱ ዳር ሲክድ የሰማችው አንዲት ገረድ ነበረች፤ የካደው ግን ገረዲቱን አልነበረም። ወንዶቹማ ከዚህም ይብሳሉ። ሚስትና ሦስት ልጅ ትቶ «ላጤ ነኝ» ብሎ የሚፈርመውን ሰው ድህነት አስገደደው አትበሉኝ፤ እዚያ ሌላ ለማግባት የሚያሰናዳውን ሰው አውቀዋለሁ።

የራሱን ልጅ ከሚሰርዘው ሌላ የሰውን ልጅ የእኔ ነው ብሎ የሚጨምርም አለ። የአሜሪካ መንግሥት በ2000 ዓ.ም. በኬንያ ጀምሮ በኢትዮጵያም ጭምር፣ የስደተኞችን ቤተ ሰብ በሚያገናኘው መርሐ ግብር የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ቢያደርግ፣ ዝምድናው ሙሉ በሙሉ የተረጋገጠለት ቤተ ሰብ ከመቶ 20 እንኳ አልሞላም። የቀረው ወይ አልመጣም፣ ወይ አልመረመርም አለ፣ ወይ ደሙ አልገጠመም። መርሐ ግብሩም እስከ 2005 ዓ.ም. ተዘጋ፤ እውነተኛው ልጅ ከሐሰተኛው ጋራ በር ላይ ቀረ።

እንግዲህ ብዕር የያዛችሁ ልጆች፣ እንዲህ ያለ ቅጽ ሲመጣላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። «እኔ ጸሐፊ እንጂ ባለጉዳይ አይደለሁም» አትበሉ፤ እኔም እንዲያ ብዬ ነበር።

ልጂቱ በ2009 ዓ.ም. አገባች፤ «ያላገባ» የሚለውም በር በዚያው ተዘጋ። የበኩር ልጇን በቀበሌ ልታስመዘግብ ስትሄድ አብሬያት እንድሄድ ለመነችኝና ሄድሁ። የእናት ስም ከሚለው ላይ ስሟ ሲጻፍ ቆማ ተመለከተች፤ ጸሐፊውንም ሁለት ጊዜ አስነበበችው። ወዲያው ስልኳ ጮኸ። አየችና «እትዬ ናት» አለችኝ፤ ሕፃኑን ለእኔ ሰጥታ ልታነጋግራት ወደ ደጅ ወጣች።