ከችግኙ በፊት ብድሩ

ክረምት በመጣ ቁጥር የባንክ ኃላፊዎች አርማቸው የታተመበት ካናቴራ ለብሰው ችግኝ ሲተክሉ በቴሌቪዥን አያለሁ። «ማኅበራዊ ኃላፊነታችንን ተወጣን» ይሉናል። ለመሆኑ የሮብ ገበያ ገበሬ ከእነርሱ ዘንድ ያስቀመጠው ገንዘብ የት ደረሰ?

ሮብ ገበያ ያለችው በስናን ወረዳ፣ በጮቄ ተራራ ሥር ነው። ከጮቄ የሚፈልቁት ወንዞች ዓባይን ይመግባሉ፤ የተራቆተውን ተዳፋት አፈርም ጠርገው ይወርዳሉ። ተዳፋቱ ማረፍ እንዳለበት ገበሬው አይጠፋውም። ግን ማሳውን ካሳረፈ እስኪያገግም ድረስ ልጆቹ ምን ይበላሉ? የሚያሻግረው ብድር ነው።

ባንኩ ግን «መያዣ አምጣ» ሲለው ኖሯል። መሬት እንደሆነ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የገበሬው ቁጠባ የከተማ ፎቅ ይሠራበታል፤ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው!

ዛሬ ሰበቡ አልቋል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትንና ሰብልን ማስያዝ ፈቅዷል። ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም ገበሬን በቡድን ዋስትና ሲያበድር ኖሯል። ስለዚህ «አይቻልም» አትበሉን።

«ባንክ የእርዳታ ድርጅት አይደለም» የሚል አይጠፋም። ማን እርዳታ ጠየቀ? በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ለተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አበድሯል፤ ሕዝቡም ቦንድ ገዝቷል። የጮቄ አፈር ወርዶ የሚተኛው እዚያው ግድብ ውስጥ ነው። ጮቄን ችላ ያለ ባንክ የገዛ አገሩን ሀብት በደለል ያስቀብራል።

እንግዲህ የባንክን ኃላፊነት በካናቴራው አንለካም። ብድር መዝገቡን ይግለጥልን፤ ለማን አበደረ? ለምን ሥራ?