ስለ አሮጌ ሞተር ጌጥ

በአሜሪካ አገር ሆት ሮድ የሚባል የአውቶሞቢል ዓይነት አለ። ይኸውም አሮጌ መኪና ተገዝቶ፣ ትርፍ ብረቱ ተነሥቶለት፣ ሞተሩ እንዲፈጥን ተደርጎ የሚሠራ ነው። ዛሬም የዚህን መኪና ሞተር በጥንቱ መልክ ማስጌጥ የሚወዱ ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔ ጌጡን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው ባዶውን ጌጥ ነው።

ከሞተሮቹ ሁሉ የታወቀው የፎርድ ባለ 8 ሲሊንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ሲወጣ ጉልበቱ 65 የፈረስ ኃይል ነበረ። ይህ አላረካቸው ያሉ የካሊፎርኒያ ወጣቶች ስትሮምበርግ 97 የተባለውን ካርቡራተር ሁለትም ሦስትም አድርገው ደረደሩበት። (97 የተባለው የጉሮሮው ስፋት 0.97 ኢንች ስለ ሆነ ነው።) የቃጠሎው ጭስ በሞተሩ አካል ውስጥ እያለፈ ስለሚወጣ ሞተሩ ቶሎ ይግላል፤ ስለዚህ የብረቱን ቴስታታ አውርደው ሙቀትን ፈጥኖ የሚያስተላልፈውን የአሉሚኒየሙን ገጠሙ። ቪክ ኤደልብሮክን የመሰሉ ሰዎች የሠሩትን ዕቃ ሙሮክ በተባለው ደረቅ የሐይቅ ወለል ላይ እየነዱ ይፈትኑት ነበር። እንግዲህ ዛሬ ጌጥ የምንለው ሁሉ ያን ጊዜ ለአንድ ችግር የተገኘ መልስ ነበረ።

አሁን የሚሸጠው ግን ሌላ ነው። ከውጭ ዲናሞ መስሎ ከውስጥ አልተርኔተር የሆነ ዕቃ አለ። ካርቡራተር መስሎ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ የደበቀም አለ። በዛሬ ሞተር ላይ የጥንቱን ሞተር ክዳን የሚመስል ክዳን የሚደፉማ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ያስቁኛል።

ባለመኪናው፣ «የጥንቱ ዲናሞ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲዞር በቂ ኤሌክትሪክ አይሰጥም፤ ማታ መብራቱ ይደክምብኛል» ይላል። እውነቱን ነው። ፍሬኑንም ቢለውጥ አልፈርድበትም፤ የ1932ቱ ፎርድ ፍሬን በዘንግ የሚሳብ ነበረ፤ ፎርድ በዘይት ግፊት የሚሠራውን ያመጣው በ1939 ነው። ለጌጥ ተብሎ ነፍስ አይያዝም። በቅርቡ የተሠራ የአሉሚኒየም ቴስታታም ቢሆን፣ የቀድሞውን ሥራ እስከ ሠራ ድረስ፣ ለእኔ እንደ ቀድሞው ነው።

ነገር ግን በእኛ ዕድሜ ያለ ልጅ ያንን ሞተር ሲመለከት፣ ቤንዚኑ በየት ገብቶ ጭሱ በየት እንደሚወጣ በዓይኑ ተከትሎ ሊረዳ ይገባዋል። ኤደልብሮክ በ1962 ዐርፏል፤ ለምን እንዲህ አደረግህ ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ብረቱ ነው፤ ብረቱ ደግሞ ቅርፊት ብቻ ከሆነ ምን ይመልሳል? አልተርኔተር የሚያስፈልገው ሰው በሚታይ ቦታ ይግጠመው፤ ክሮሙን ለቴስታታው ብሎኖች ይተውላቸው።