ዓባይን በብስክሌት፤ መንገዱ ለማን ነው?

በተማሪው ዘንድ ብስክሌትን የሚንቁ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ወገን ብስክሌት የልጅ መጫወቻ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ አውቶሞቢል መግዣ ያጣ ሰው መጽናኛ ነው ይላል። ሁለቱንም ወገኖች በአክብሮት እንቃወማለን። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ወደ ሥራውም ወደ ገበያውም በብስክሌት የሚሄደው ሰው የሚጫወት ልጅ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰለፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም ልካ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የመንገድ ብስክሌት ሻምፒዮና በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኪጋሊ ተደርጓል። የርዋንዳ ኮረብታ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ለማወቅ የሚወድ ቢኖር፣ ከ267 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው የወንዶች ዋና ውድድር እስከ መጨረሻው የደረሱት 30 ሰዎች ብቻ መሆናቸውን ያስብ።

እንግዲህ ስለ ኮረብታ ከተነሣ እኛም የራሳችን አለን። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሱሉልታ፣ በጫንጮ፣ በፍቼና በገርበ ጉራቻ አልፎ ጎሐ ጽዮን የሚደርሰው መንገድ፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮም ወደ ደጀን ይወጣል፤ በደብረ ማርቆስ በኩልም ወደ ባሕር ዳር ይዘልቃል። ቁልቁለቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አቀበቱም እንዲሁ። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1 ሺህ 300 ሜትር በላይ ነው። ከላይ ጋቢ ለብሶ የወረደ ሰው ከታች ሸሚዙ ይከብደዋል።

በሌላው ዓለም በወንዝ ዳር የሚደረግ የብስክሌት ጉዞ ዝናው ትልቅ ነው። ለምሳሌ ያህል ከፓሳው እስከ ቪየና በዳኑብ ዳር የተዘረጋውን መንገድ ብንወስድ፣ ተጓዡ ወንዙን ተከትሎ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል። ኮረብታውን የሚያየው ከሩቅ ነው። የእኛ ወንዝ ግን ሰው እንዲከተለው ተብሎ የተፈጠረ አይመስልም። ዓባይ ምድሩን እየቆረሰ ወደ ታች ስለ ገባ፣ መንገዳችን ወንዙን ይሻገረዋል እንጂ አይከተለውም። ስለዚህ ከውጭ አገር የተቀዳ የወንዝ ዳር መንገድ አሳብ ለእኛ አይስማማም። ለእኛ የሚያስፈልገን ስለ መውረድና ስለ መውጣት የታሰበ መንገድ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ሰውዬው ከነብስክሌቱ 80 ኪሎ ቢመዝን፣ 1 ሺህ 300 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 3 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ ነፋሱ የሚወስደው አለ፤ የቀረው በፍሬኑ በኩል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ፍሬኑን ሳይለቅ እየያዘ የሚወርድ ሰው ቸርኬው ግሎ ካላማደሪያው ሊፈነዳ ይችላል። ከጎኑ የሚወርደው ካሚዮን 40 ቶን ቢሆን ደግሞ ክብደቱ የብስክሌተኛው 500 እጥፍ ነው፤ እንግዲህ ፍሬኑ የሚችለውን መከራ አንባቢ ራሱ ያስላ። ሲወጣም እንዲሁ ነው። ያልሠለጠነ ሰው እግሩ ሳያቋርጥ 100 ዋት ቢያወጣ፣ ከድልድዩ እስከ አፋፉ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ፍጥነቱ ከእግረኛ ብዙም አይበልጥም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ብስክሌት ደግሞ ቀጥ ብሎ መሄድ ስለማይሆንለት ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው? ቢባል መልሳችን እነሆ። ብዙዎቻችን ዓባይን የተሻገርነው በአውቶቡስ ውስጥ መጋረጃ ዘግተን፣ ግማሹንም ተኝተን ነው። በዚያ ቁልቁለት ላይ መሬቱ እንደ መጽሐፍ ተገልጦ ቆሟል። ከላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም ጂፕሰም፣ ከሁሉ በታች ደግሞ የአሸዋ ድንጋይ ተነባብሮ ይታያል። የጂኦሎጂ ተማሪ በክፍል ውስጥ የሚሥለውን በሦስት ሰዓት አቀበት ላይ በእጁ ሊዳስሰው ይችላል። ከዚህም ሁሉ በላይ ብስክሌተኛ ውኃ የሚለምን ሰው ነው። ውኃ የሚለምን ሰው ደግሞ ሰላምታ መስጠት፣ ስም መጠየቅ፣ ስለ አዝመራው ማውራት ግዴታው ነው። ስለ ገበሬው በየስብሰባው የምንናገር ሰዎች፣ ከገበሬው ደጃፍ ቆመን ውኃ የጠጣንበት ቀን ስንት ነው? አገርን በአፍ መውደድ ቀላል ነው፤ በእግር መውደድ ግን ያልባል።

ነገር ግን የብስክሌት መንገድ ሲባል ለጎብኚ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ አሳቡን አንደግፈውም። የብዙ ሺህ ብር ብስክሌት በአውሮፕላን ጭኖ ለመጣ እንግዳ ምልክት ተተክሎ፣ በዚያው መንገድ ዳር ደብተሩን በፌስታል ይዞ ትምህርት ቤት ለሚሄደው ልጅ ምንም ካልተደረገለት ሥራው ለታይታ ነው። እንግዳው ይምጣ፤ ቤት ለእንግዳ ነው። ዳሩ ግን የመንገዱ ዳኛ እንግዳው መሆን የለበትም። መንገዱ የሚመዘነው የደጀን ልጅ ያለ ፍርሃት ሲሄድበት ነው።

አንዳንድ ወንድሞቻችን፣ ስንት ያልተሠራ የገጠር መንገድ እያለ ስለ ብስክሌት መንገድ ማውራት ቅንጦት ነው ይሉናል። ክርክራቸው ሚዛን አለው። ሆኖም እኛ ሌላ ጎዳና ይሠራ አላልንም። የምንለው ያለው መንገድ ሲጠገን እግረኛውና ብስክሌተኛው አብረው ይታሰቡ ነው። ለሚወርድ ብስክሌት የተለየ ስፍራ ባይኖር ከመኪናው ጋር ተራውን ጠብቆ ይወርዳል። ለሚወጣው ግን፣ ወደ ጎሐ ጽዮንም ሆነ ወደ ደጀን፣ በአቀበቱ በኩል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ጠርዝ ቢኖርለት ነፍሱ ትተርፋለች። የሸለቆው መሬት ስለሚንሸራተት በየስፍራው ማስፋት እንደማይቻል እናውቃለን። በማይቻልበት ስፍራ በየተወሰነው ርቀት ገለል የሚባልበት ቦታ ይበቃል። ፍሬኑ እምቢ ላለው ካሚዮንም በጠጠር የተሞላ ማምለጫ ያስፈልጋል፤ ይህም ለብስክሌተኛው ብቻ ሳይሆን ለሾፌሩና ለመንገደኛው ሁሉ ነው። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ካለው የሕዳሴ ድልድይ አጠገብ ጥላ፣ የሚጠጣ ውኃና አንድ ጎሚስታ ቢኖር ወጪው ትንሽ ነው፤ ለአካባቢው ወጣትም እንጀራ ይሆናል። በጎኑ የቆመውን አሮጌውን ድልድይም መሐንዲሶች መርምረው ደኅና ነው ቢሉ፣ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ከመስጠት የተሻለ ጡረታ አናገኝለትም።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሰላም ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ በኋላ በዚህ መንገድ መሄድ ለብዙ ሰው ሥጋት ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. የሰኔ መጨረሻ ከዩኒቨርስቲ ወደ ቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታግተዋል። እነርሱ እንደ እኛ ደብተር የያዙ፣ እናት የምትጠብቃቸው ልጆች ነበሩ። ይህን ረስቶ ስለ መልካም ጉዞ የሚጽፍ ተማሪ ቢኖር ብዕሩን እናፍርበት ነበር። ስለዚህ ነገ ጠዋት ተነሥታችሁ ወደ ዓባይ ውረዱ ብለን ማንንም አንመክርም። የምንለው ሌላ ነው። አንድ አገር ሰላም መሆኑ የሚታወቀው በመግለጫ ብዛት አይደለም። አንድ ተማሪ ያለ አጃቢ፣ ያለ ብረት፣ በሁለት ጎማ ሸለቆውን ወርዶ፣ ከማያውቀው ሰው ውኃ ጠጥቶ፣ በማያውቀው ሰው ቤት አድሮ በደኅና ሲመለስ ነው። የብስክሌት መንገድ የምንጠይቀው ስለዚህ ነው፤ የሰላም መለኪያ ስለሆነ ነው።

ካርታውን ስንመለከት አንድ ነገር ልባችንን ነክቶታል። ከወንዙ ወዲህ ፍቼ ላይ ሰላሌ ዩኒቨርስቲ አለ፤ ከወንዙ ወዲያ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርስቲ አለ። ከሁለቱም እስከ ድልድዩ ያለው መንገድ እኩል ለማለት ይቻላል፤ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ደኅና በሆነ ጊዜ የሁለቱ ወገን ተማሪዎች በአንድ ቀን ማለዳ ተነሥተው ድልድዩ ላይ ቢገናኙ፣ ቆሎ ቢካፈሉ፣ ከዚያም አንዱ በሌላው አቀበት ቢወጣና በሌላው ዶርም ቢያድር፣ ከብዙ የወንድማማችነት ንግግር ይበልጣል። በሰው አቀበት ላይ ያላበ ሰው ያንን ሰው ለመጥላት ጉልበት አይተርፈውም።

እስከዚያው ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። በየግቢያችን ያለውን ጎማውን ያጣ ብስክሌት እንጠግን። በየዩኒቨርስቲያችን ዙሪያ ሰላም በሆነው ስፍራ አጭር አጭር ጉዞ እንጀምር። የምናልፍበትን መንገድ እየጻፍን፣ ጠርዙ የት እንደ ጠበበ፣ ውኃ የት እንደሚገኝ፣ መኪና የት እንደሚያስፈራ መዝግበን ለሚመለከታቸው ባለሥልጣኖች እናቅርብ። በቃል ብቻ የቀረበ ጥያቄ ይረሳል፤ በኪሎ ሜትር ተለክቶ የቀረበ ጥያቄ ግን መልስ ይሻል። ዓባይም ቢሆን ከዚያ የትም አይሄድም፤ እስክንደርስ ይጠብቀናል።