ምስሉ ይሄዳል፣ ድምፁ የለም

ቅዳሜ ማታ ነው። ከቴሌግራም ሲወርድ ያመሸው ፊልም በመጨረሻ አለቀ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ተቀመጠ። ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ተዋናዮቹ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ድምፅ ግን የለም። ኤምኤክስ ፕሌየር «ኢኤሲ3» የተባለውን የድምፅ ፎርማት እንደማይደግፍ በአንድ መስመር ይናገራል። የቤቱ ልጅ ፍለጋ ይጀምርና አንድ ግሩፕ ውስጥ «ይህን ኮዴክ ጫኑት፣ ይሠራል» የሚል ፋይል ያገኛል። ይጭነዋል፤ ይሠራል። ፋይሉን ማን እንዳዘጋጀው ግን የጠየቀ የለም።

ሊጠየቅ የሚገባው እሱ ነበር።

ኮዴክ ድምፅና ምስል ብዙ ቦታ እንዳይፈጅ አምቆ የሚያስቀምጥ፣ ሲከፈት ደግሞ መልሶ የሚፈታ ፕሮግራም ነው። ኤምኤክስ ፕሌየር የዲቲኤስንና የዶልቢን ፎርማቶች የተወው መፍታት አቅቶት አይደለም። ቴክኖሎጂዎቹ በፓተንት የተያዙ ስለነበሩ የፈቃድ ጉዳይ መጣ። ማጫወቻው ግን አንድ በር ክፍት ትቷል፤ ተጠቃሚው ከውጭ ያመጣውን ኮዴክ ራሱ መጫን ይችላል። ይፋ ከሆነው የፕሮግራም ኮድ ተነስተው ይህን ኮዴክ በነጻ የሚያዘጋጁ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ሥራቸው የሚነቀፍ አይደለም።

ድምፅን አሳንሶ ማስቀመጥ የዓመታት ምርምር የጠየቀ ሥራ ነውና ባለቤቶቹ ይከፈለን ቢሉ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን በኩባንያዎች መካከል ያልተቋጨው ሂሳብ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በተራው ተጠቃሚ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት ሄቪክ ለተባለው የቪዲዮ ፎርማት የሚሆነውን ተጨማሪ ፕሮግራም በ99 ሳንቲም ዶላር ይሸጣል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ለሌለው ሰው ግን 99 ሳንቲምም ሆነ 99 ዶላር ያው ነው። ስለዚህ ግሩፕ ውስጥ የተገኘውን ይጭናል።

አደጋውም እዚህ ይጀምራል። ኮዴክ እንደ ፎቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። በማጫወቻው ውስጥ ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም ስለሆነ፣ ማጫወቻው የተፈቀደለትን ሁሉ እሱም ያገኛል። «ኮዴክ» ተብሎ የተላከው ፋይል ራሱን የቻለ አፕ ከሆነ ደግሞ የራሱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፊልሙ እንዲጀምር የቸኮለ ሰው ሁሉንም «እሺ» ይላል። ብልሃቱ አዲስ አይደለም። ዝሎብ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ብዙ ኮምፒውተሮችን የበከለው የቪዲዮ ኮዴክ መስሎ ነው። ያኔ ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ሰነድና ፎቶ ነው። ዛሬ ስልኩ ላይ ቴሌብርና የባንክ አፕ አለ።

ደግሞስ ለምን? ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ እነዚህን ፎርማቶች ያለ ምንም ጭማሪ ያጫውታል፤ ክፍያም ማስታወቂያም የለውም። በፓሪስ ተማሪዎች ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2001 ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥራ ነው፤ ዛሬ የሚመራው ቪዲዮላን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው። ይህ እያለ ከማያውቁት ሰው ኮዴክ መቀበል ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ኤምኤክስ ፕሌየርን መተው የማይፈልግ ሰውም መብቱ ነው። ኮዴኩን ግን አዘጋጁ ራሱ ካስቀመጠበት ቦታ፣ ለስልኩ ፕሮሰሰርና ለማጫወቻው እትም የሚስማማውን መርጦ ይውሰድ። በግሩፕ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈውን አይንካ።

ቪዲዮ የሚያሰራጩ ቻናሎችም ድርሻ አላቸው። ድምፁን ማንኛውም ስልክ በሚያውቀው ኤኤሲ ቀይሮ መልቀቅ ለአንድ ሰው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ያን ሥራ መዝለል ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ተከታዮችን ምንጩ ያልታወቀ ፋይል ፍለጋ ይልካል።